ያስቀበርኩት አጥንት

ታክሲ ስሳፈር የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ እወዳለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያስቸኩለኝ ነገር ስለሌለ ረዳቱ «ማዘር፣ ከፊት ይግቡ» ቢለኝም እሺ አልልም። ከኋላ ሆኜ የሰው ራስ አያለሁ። ሌላው በመስኮት ሱቅና ሕንጻ ሲያይ እኔ ፀጉሩን ያሳጠረ ወንድ ካገኘሁ ከጆሮው በላይ ያለውን ቦታ ነው የምመረምረው። ባለፈው ሳምንት ከልደታ ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ራስ ላይ ከጆሮው ፊት ተነስቶ ወደ ኋላ የሚዞር፣ ከዚያ ወደ ግንባሩ የሚመለስ ቀጭን ጠባሳ አየሁ። «ይሄ የእኛ እጅ ነው» አልኩ በልቤ። አንገቴን አስግጌ ስፌቱን ስቆጥር ረዳቱ «ማዘር፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። የለም፣ አገኘሁት ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ስሜ ወይንሸት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሲስተር ስባል ስለኖርኩ ግን ጎረቤቶቼ ሌላ ስም ያለኝ አይመስላቸውም። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ልጅ ወድቆ ራሱን በመታ ቁጥር እናቱ አቅፋው ያን ሁሉ ደረጃ ትወጣለች። ዓይኑን አያለሁ፣ አስታውኮት እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብስኩት አስይዤ እመልሰዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስክራብ ነርስ ነበርኩ፤ ኦፕራሲዮን ሲሠራ ከሐኪሙ አጠገብ ቆማ መሣሪያ የምታቀብል፣ የገባውንና የወጣውን የምትቆጥር፣ ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ ምን እንደፈለገ ሳይነግራት የምታውቅ ነርስ። ደሞዙን አላወራም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሥራውን ግን እወደው ነበር፣ አሁንም ይናፍቀኛል።

መጀመሪያ የተመደብኩት መኪና በሳምንት ሁለቴ በሚደርስበት የገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። አራት ዓመት አዋለድኩ፣ ቁስል አጠብኩ፣ ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጨቅኩ። አለቃዬ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ በመቀስ ለሁለት እየቆረጠ የሚያድል ሰው ነበር። ያኔ ቋጣሪ ይመስለኝ ነበር፣ በኋላ እኔም እንደሱ ሆኜ አረፍኩት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአጥንት ኦፕራሲዮን ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ።

እዚያ የለመድኩትን አንድ ነገር አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ያለ እሱ የቀረው አይገባም። እግር ወይም እጅ ሲቆረጥ ዝም ብሎ አይጣልም። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለቤተሰብ ይሰጣል፣ ቤተሰብም ወስዶ ይቀብረዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። በር ላይ የሚጠብቀው አባት ወይም ወንድም «የተቆረጠውን ስጡን» ይላል፣ እኛ በመዝገብ አስፈርመን እናስረክባለን። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። እናቶች እያለቀሱ ይመርቁኝ ነበር።

ወደ ነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያዛወረችኝ የሆስፒታሉ ነርሶች አለቃ፣ ሜትሮኗ ናት። «ራስ ላይ ሠርቼ አላውቅም እኮ» ብላት ከወረቀቷ ቀና እንኳ ሳትል «አጥንት አይደል? ያው አጥንት ነው» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

አዲሱ አለቃዬ ዶክተር መርዕድ ይባላሉ። ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ሻያቸውን ሁልጊዜ ቀዝቅዞ የሚጠጡ ሰው ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ እንዲያውም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሹክ ሲሉ ክፍሉ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አልነበረንም። የራስ ቅል የሚበሳው በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ነው፣ የድሮ አናጢዎች የሚሠሩበትን ያየ ሰው አይቶታል ማለት ነው። እሳቸው የላይኛውን እጀታ በግራ መዳፋቸው ተጭነው በቀኝ እጃቸው ያዞራሉ፣ እኔ በሲሪንጅ ጨው ውኃ አንጠባጥባለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ነጭ ነው፣ የውጩ ጠንካራ አጥንት ነው። ቀጥሎ ቀላ ይላል፣ መሃል ላይ ደም ያለበት ስፖንጅ የመሰለ ክፍል አለ። እንደገና ነጭ ሲሆን ትንፋሽ መያዝ ነው። ከዚያ ሥር ያለው የአንጎል ሽፋን ነውና። መሰርሰሪያው እዚያ ሲደርስ ያዝ ያደርጋል፣ እሳቸውም በዚያች ቅጽበት ያቆማሉ።

«ዓይንሽ ዱቄቱ ላይ፣ ጆሮሽ መሰርሰሪያው ላይ ይሁን» ይሉኝ ነበር። «እኔ ያላየሁትን ካየሽ ተናገሪ። እዚህ ክፍል ውስጥ ይሉኝታ አያስፈልግም።»

አራት አምስት ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል፣ የሽቦ መጋዝ ይሾልካል። ጥርስ ያለው ቀጭን ሽቦ ነው። ሁለቱን ጫፍ ይዘው፣ እጅን ሰፋ አድርገው፣ በረጅሙ ይስቡታል። አጭር አጭር የሳበው ሰው ያግለዋል፣ ይበጥሰዋልም። ሽቦው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሳይሆን ተጋድሞ ነው መቁረጥ ያለበት። እንዲያ ሲሆን የሚነሳው አጥንት ከላይ ሰፋ፣ ከሥር ጠበብ ይላል። ሲመለስ እንደ ድስት ክዳን ጠርዙ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰምጥም። የተነሳውን አጥንት ክዳን ነበር የምንለው። ሥራው ሲያልቅ ዳር ዳሩን በስተን በሐር ክር መልሰን እናስረዋለን።

ዶክተር መርዕድ ከመሰርሰሪያው የወጣውን ዱቄት አያስጥሉም። በትንሽ ኩባያ አጠራቅሜ ከራሱ ከታካሚው ደም ጋር ለውሼ አቀብላቸዋለሁ፣ የተበሱትን ቀዳዳዎች ይደፍኑበታል። ሌሎች ሐኪሞች ይህን ሲተዉ አይተው «ሰውዬው ራሱ ላይ የዝናብ ውኃ እንዲያቁር ነው?» ይሉ ነበር። ከመክፈታቸው በፊት ደግሞ የማያልፉት ጥያቄ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ለምን እንደሚጠይቁ መጀመሪያ አልገባኝም። ሸክም በራሷ የምትሸከም ሴት፣ ጥምጥም የሚያስር ቄስ፣ የራስ ቁር የሚያጠልቅ ሞተረኛ፣ እያንዳንዱ ራሱ ላይ ጭነት የሚያርፍበት ቦታ አለው። ስፌቱን ከዚያ ያርቁላቸው ነበር። የተላጨውን ፀጉር በፖስታ አድርገው ለቤተሰብ ይሰጣሉ፣ በተለይ የሴት ከሆነ። «ከሰው የወሰድነውን ለሰው እንመልሳለን» ይሉኛል። ይቺን ቃል ወደድኳት፣ ያዝኳት። ጉዴን ያፈላችውም እሷ ናት።

በተዛወርኩ በሦስተኛው ወር እንድሪስ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ራሱን ስቶ መጣ። አብነት ሰፈር ከአባቱ ጋር በርና መስኮት የሚበይድ ልጅ ነው። አንድ ሕንጻ ላይ የደረጃ መደገፊያ ሲገጥም ወድቆ ራሱ በቀኝ በኩል ተመትቷል። ዶክተር መርዕድ ሰፊ አጥንት አንስተው የረጋውን ደም ጠረጉ። አንጎሉ ግን አብጦ ነበር። አጥንቱን ቢመልሱት ይጨፈልቀዋል፣ ስለዚህ ቆዳውን ብቻ ሰፍተው ክዳኑን ውጭ ተዉት። ከዚያ ልጁን ይዘው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሮጡ።

እስከዚያን ቀን ድረስ ያየሁት ክዳን ሁሉ በዚያው ሰዓት ተመልሶ የታሰረ ነው። ያልተመለሰ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዲህ ያለው በንጹሕ ጨርቅ ታሽጎ፣ ስም ተጽፎበት፣ ዕቃ ክፍል ባለው ፍሪዘር ውስጥ እንደሚቀመጥና እብጠቱ ሲጠፋ እንደሚመለስ የምታውቀው የክፍሉ ኃላፊ የዓመት ዕረፍት ላይ ናት። እኔ አልጠየቅኩም። ያልተመለሰ አጥንት የማይመለስ አጥንት መሰለኝ።

በሩን ስከፍት የእንድሪስ አባት አቶ ይማም ቆመዋል። ከወሎ በልጅነታቸው የመጡ፣ እጃቸው በብየዳ ፍንጣሪ የተጠባበሰ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው በሕይወት እንዳለ ነገርኳቸው። አላህን አመሰገኑና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ከልጁ አካል የተቆረጠ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመት የተጠየቅኩት ጥያቄ ነው። መልሱ በአፌ ሳይሆን በእጄ ላይ ነበር። ተመልሼ አጥንቱን አጠብኩት፣ በአዲስ ጎዝ፣ ቀጥሎ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ከአጥንት ክፍል የማውቀው ዓይነት መዝገብ ስላልነበረን ነጠላ ወረቀት ላይ ጽፌ አስፈረምኳቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው «አላህ በክብር ያኑርሽ» ብለው መረቁኝ። እኔም ሥራዬን በወጉ እንደሠራሁ ተሰምቶኝ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

እንድሪስ ዳነ። መናገር ጀመረ፣ መራመድ ጀመረ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለት ወር ቆይቶ ሲመለስ የራሱ ቀኝ ጎን እንደ ሳህን ጎድጉዷል፣ ሲስልም ቆዳው ከፍ ዝቅ ይላል። ዶክተር መርዕድ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «በጣም ጥሩ፣ እብጠቱ ጠፍቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ክዳንህን እንመልስልሃለን» አሉት። አጠገባቸው ነበርኩ። ያልተመለሰ ክዳን የት እንደሚቀመጥ ያን ቀን ጠይቄ አወቅኩ።

ዕቃ ክፍል ሄጄ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ሦስት እሽጎች አሉ፣ ሦስቱም የሌላ ሰው ናቸው። እንደሌለ እያወቅኩ ሦስቴ ቆጠርኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ መዋሸት አማረኝ። መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ፍሪዘሩ ጠፍቶ ተበላሽቶ ተጣለ ብል ማንም አይከራከረኝም። ያቺን የተፈረመች ወረቀት መቅደድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዶክተር መርዕድ ከኋላዬ ገቡ።

«የእንድሪስን አገኘሽው?»

«ለአባቱ ሰጥቻለሁ ዶክተር።»

«ምን እንዲያደርጉት?»

«እንዲቀብሩት።»

የጨው ውኃ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ፍሪዘሩን መዝጋት እንኳ ረስቼ ቅዝቃዜው እግሬ ላይ ይወርዳል።

«እንዲህ እንድታደርጊ ማን ነገረሽ?» አሉ በዚያች ሹክሹክታቸው።

«ማንም አልነገረኝም። ከሰው የወሰድነውን ለሰው እንመልሳለን ሲሉ ሰማሁ።»

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሹት። «ፀጉሩን ስመልስ አሳየሁሽ፣ አጥንቱ የት እንደሚቀመጥ ግን አላሳየሁሽም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። የምትነግሪያቸው ግን አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

አባትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገርኳቸው። አቶ ይማም መጀመሪያ አልገባቸውም። «በደንብ ነው እኮ የቀበርነው። ሲስተር በክብር ነው የሰጠችኝ» እያሉ ለዶክተሩ ይመሰክሩልኛል፣ ይሄ ደግሞ ከስድብ የባሰ አንጀቴን በላው። ሲገባቸው ከወንበራቸው ተነሱ። «ቦታውን አውቀዋለሁ። ሄጄ ላውጣው?» አሉ።

«አይሆንም አባባ» አሉ ዶክተር መርዕድ። «አፈር ከነካው ወዲያ ወደ ራስ አይመለስም።»

እንድሪስ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተር፣ የእኔ አጥንት መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳልሞት ነው የቀበራችሁኝ?» አባቱ እጁን ያዙት፣ አስለቀቀ። «አባቴ ብረት ነው የሚያውቀው፣ ያሉትን አመነ። እርስዎ ግን ነጭ ለብሰዋል። የማያውቅ ሰው ይጠይቃል እኮ! የብየዳ ማስክ ራሴ ላይ ካላጠለቅኩ አልበይድም። ካልበየድኩ እኔ ምንድን ነኝ?» ኮፍያውን አድርጎ ደረጃውን ወረደ። አባቱ «ይቅር በይው፣ ታሞ ነው» ብለውኝ ተከተሉት። ይቅር በይው ይሉኛል፣ እኔን!

ከዚያ በኋላ ቀጠሮ ቢሰጠውም አልመጣም። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለተኛው ተጨመረ። ዶክተር መርዕድ አንድ ቀን በኦፕራሲዮን መካከል ሽቦ መጋዙን እየሳቡ «አንቺ የአጥንት ክፍል ሰው አይደለሽም? የአጥንት ሲሚንቶ ማቡካት ትችያለሽ?» አሉኝ። የዳሌ ብረት የሚጣበቅበት ዱቄትና ፈሳሽ ነው፣ ሲደባለቅ እንደ ሊጥ ሆኖ በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። እችላለሁ አልኳቸው። «እንግዲያው ክዳን እንሠራለታለን። አንቺ ግን ልጁን ይዘሽ ነይ።» የድሮ ክፍሌ ሄጄ ለምኜ፣ ተለማምጬ፣ ሁለት እሽግ አገኘሁ። ሦስተኛ አልሰጡኝም።

በዕረፍት ቀኔ ከቤቴ በእግሬ ወደ አብነት ወረድኩ። ካርዱ ላይ እንደተጻፈው ከመስጊዱ ጀርባ ብዬ እየጠየቅኩ ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ቱቦላሬና ላሜራ ተደርድሯል። ውስጥ አባቱ ይበይዳሉ፣ እንድሪስ ኮፍያውን ግንባሩ ድረስ ደፍቶ፣ ጎንበስ ሳይል፣ ሌላ ሥራ ያጣ ሰው መስሎ የአንድ በር ፍሬም ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ አንቲረስት፣ ይቀባል። ሲያየኝ ብሩሹን አላቆመም። አቶ ይማም ወንበር አመጡልኝ።

«ልትቆጣኝ ትችላለህ፣ መብትህ ነው» አልኩት። «ግን ክዳኑን እንሥራልህ። ከሲሚንቶ።»

«ከሲሚንቶ? ቤት ነኝ እንዴ?»

«ለአጥንት የተሠራ ነው።»

«ውፍረቱ ስንት ነው?» አለ ሳያየኝ። ነገርኩት። «ጠርዙስ? ቀጥ ያለ ከሆነ በጫኑት ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል» አለ። የሽቦ መጋዙ ተጋድሞ እንደሚቆርጥና ክዳኑ ጠርዝ ላይ እንደሚቀመጥ አስረዳሁት። ብሩሹን አስቀመጠ። «ማሰሪያውስ?» ቀዳዳውን፣ ክሩን፣ ሁሉንም ነገርኩት። እንደ ሥራ ባልደረባ ነበር የምንነጋገረው። በመጨረሻ «ጉብታውን በምን ትለካላችሁ?» አለ።

«ዶክተር በዓይናቸው ነው።»

አባትና ልጅ ተያዩ። በዓይን! በር የሚሠራ ሰው በዓይን ሲባል ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ፊታቸው ላይ አየሁ። አቶ ይማም ማስካቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ ገቡ፣ የማይዝግ ቀጭን ሽቦ ይዘው ተመለሱ። «ኮፍያህን አውልቅ» አሉት። አወለቀ፣ መንገደኛ እያየው። ሽማግሌው ሽቦውን ደህና በሆነው በግራ በኩል፣ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አስጠግተው በፒንሳ እያጎበጡ ቅርጹን ወሰዱ። ሌላውን ከአናቱ እስከ ጆሮው። ያ በብየዳ የተጠበሰ ጣት የልጁን ራስ ሲነካ እንዴት ይለሰልስ ነበር! «የግራውን ገልብጠሽ ለቀኝ ነው» አሉኝ። «የባለ ሁለት ተካፋች በር ሥራ ነው፣ ዶክተሩ ይገባቸዋል።»

እንድሪስ ወደ ታች እያየ «ቀብሬ ላይ ሳልገኝ ቀርቻለሁ፣ ክዳኔ ሲሠራ ግን ልገኝ እንግዲህ» አለ። እኔም አባቱም መሳቅ ፈርተን ቆየን፣ ከዚያ እሱ ራሱ ሲስቅ ሦስታችንም ሳቅን።

ዶክተር መርዕድ ሽቦዎቹን ሲያዩ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፣ በእጃቸው እያገላበጡ «የሰለጠነ ሰው አገር ነው ይሄ» አሉ። ሽቦዎቹ ከመሣሪያዎቹ ጋር ተቀቅለው ገቡ። የኦፕራሲዮኑ ዕለት ቆዳውን ከአንጎል ሽፋኑ ማላቀቁ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ተጣብቀው ነበር፣ እሳቸውም ቸኩለው አያውቁም። የቀረውን አጥንት ጠርዝ ዙሪያውን አጽድተው «አቡኪ» አሉኝ።

ዱቄቱን በፈሳሹ ላይ አፈሰስኩ። ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ ቀጥሎ ጓንት ላይ ይለጠፋል፣ መለጠፉን ሲተው ጊዜው ያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰጠኋቸው። በሁለት እርጥብ ላስቲክ መካከል አድርገው ዳመጡት፣ የአንጎሉን ሽፋን በእርጥብ ጎዝ ሸፍነው ክፍተቱ ላይ አሳረፉትና በጣታቸው ቀረጹት። ሲሚንቶው ሲጠነክር ይግላል፣ እንዲያውም ያቃጥላል። ሙቀቱ ሲነሳ ከራሱ ላይ አንስተው ቀዝቃዛ ጨው ውኃ ውስጥ ጨመሩት። ሲበርድ አወጡት፣ አገላብጠው አዩት። አማረላቸው። «መሰርሰሪያ» አሉ።

እኔ መሰርሰሪያውን ሳላቀብል የአቶ ይማምን ሽቦ ገልብጬ ክዳኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱ ጫፎች ነክተዋል። መሃል ላይ ግን በሽቦውና በክዳኑ መካከል የኦፕራሲዮኑ መብራት ይታያል።

«ዶክተር፣ ጠፍጣፋ ሆኗል።»

«ትንሽ ናት። ፀጉር ይሸፍናታል።»

የቀረን አንድ እሽግ ነው፣ እሱ ከተበላሸ ሌላ የለም። ከእኔ በላይ በዚያ ራስ ላይ የመናገር መብት ያጣ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። «የማስኩ ማሰሪያ እዚያ ላይ ነው የሚያልፈው» አልኩ። «ጎድጎድ ካለ ይንሸራተትበታል።»

ዶክተር መርዕድ ጎንበስ ብለው በሽቦው ሥር ያለውን ብርሃን አዩ። ከዚያ ያን ያማረ ክዳን ትሪው ላይ ወረወሩት። «ሁለተኛውን አቡኪ» አሉ።

ሁለተኛው ላይ እኔ ሽቦውን ገና ሳይጠነክር ይዤ እሳቸው ቀረጹ። ሙቀቱ በጓንቱ ውስጥ ጣቴን ሲያቃጥለኝ አልለቀቅኩትም። ሲበርድ ሁለቱንም ሽቦ በተራ አስቀመጥን፣ ብርሃን አልነበረም። ዳር ዳሩን በስተን በሐር ክር አሰርነው፣ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ንቅንቅ አላለም። ስንጨርስ ሹክ ሳይሉ፣ በጤነኛ ድምፃቸው፣ «ሲስተር ወይንሸት» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን አሠራሩን ለወጠ። ያልተመለሰ ክዳን ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጡን ትተን የታካሚውን የሆድ ቆዳ በትንሹ ከፍተን እዚያው ከሥሩ ማኖር ጀመርን። መብራት ቢጠፋ አይበላሽም፣ ባለቤቱም ይዞት ይዞራል። «ከዚያ እንኳ ሲስተር አውጥታ አታስቀብርም» እያሉ ወጣቶቹ ሐኪሞች ያሾፉብኝ ነበር። ያሹፉ። ለእያንዳንዷ አዲስ ነርስ በመጀመሪያ ቀኗ ይህን ታሪክ ራሴ እነግራት ነበር፣ ስሜንም ሳልቀይር። ዓመታት ሲያልፉ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያው መጣ፣ የብረት ክዳንና ትንንሽ ብሎኖች መጡ። ዶክተር መርዕድ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። እኔም ባለፈው ዓመት ሰነባብቼ ወጣሁ። በሥራዬ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። አንድ ቀን ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ እሱን ልንገራችሁ።

እንድሪስ ከተሠራለት አራት ወር በኋላ የመስኮት ፍርግርግ ላሠራ አብነት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር መስኮቴ ምንም አልጎደለውም ነበር። ኮፍያ አላደረገም፣ ፀጉሩ አድጎ ጠባሳውን ሸፍኖታል። «ቁጭ ይበሉ፣ ይቺን ላያይዝና እመጣለሁ» አለኝ። ማስኩን ራሱ ላይ አጠለቀ፣ መሸፈኛው ወደ ላይ እንደተነሳ ማሰሪያውን አጠበቀ። በአንድ እጁ ብረቱን ያዘ፣ በሌላው ኤሌክትሮዱን ደቀነ። ሁለቱም እጁ ስለተያዘ መሸፈኛውን ፊቱ ላይ ለመጣል ራሱን በኃይል ወደ ፊት ነቀነቀው፣ በያጆች ሁሉ እንደሚያደርጉት።

«ቀስ!» ብዬ ጮህኩ።

አቶ ይማም መዶሻቸውን አቁመው ሳቁብኝ። የእንድሪስ ድምፅ ከማስኩ ውስጥ ታፍኖ መጣ። «ፊትዎን ያዙሩ ሲስተር፣ ዓይንዎን ይጎዳል።»

አዞርኩ። ብየዳው ከኋላዬ ይንጣጣ ጀመር፣ ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ሰማያዊ ሆነ። ብረቱ እስኪያያዝ ድረስ ወደ ግድግዳው እንደዞርኩ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።